ካርታው ላይ ሁለት ቦታ የተጻፈውን ቃል ፈልጉ

ስለ ማይንድ ማፕ (የሐሳብ ካርታ) ሲወራ ብዙ ሰው የሚያውቀው ያንን ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን ባለቀለም ሥዕል ነው። መሐል ላይ አምፖል ይሳላል፣ ዙሪያውን ቅርንጫፍ ይወጣል፣ ቅርንጫፎቹ ላይ "ግብ"፣ "ጊዜ"፣ "ጤና" ይጻፋል፣ ፎቶ ይነሳና ያበቃል። ከዚያ "ያምራል፣ ግን ምን ያደርግልኛል?" ይባላል። ጥያቄው ልክ ነው። ተስሎ የተቀመጠ ካርታ ለማንም ምንም አያደርግም። እኔ ለሥራዬም ለቤቴም ጉዳይ ስጠቀምበት ቆይቻለሁ፣ እና ሰዎች ጥቅሙ ያለበትን ቦታ ሳይደርሱ ሲተዉት ያሳዝነኛል። ጥቅሙ ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ቁጭ ብሎ ማንበቡ ላይ ነው።

አሠራሩን ለማያውቅ ባጭሩ ልናገር። ወረቀቱን በአግድም አስቀምጡ። መሐሉ ላይ ጉዳያችሁን ጻፉ፣ በጥያቄ መልክ ቢሆን ይመረጣል። ዋና ዋናዎቹን ነገሮች ዙሪያውን አውጡ፣ ከነሱ ደግሞ ትንንሾቹን። በየቅርንጫፉ አንድ ቃል፣ ቢበዛ ሁለት። በቃ። ስሙን ያስለመደው ቶኒ ቡዛን የሚባል እንግሊዛዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ቢቢሲ ላይ በቀረበ የቴሌቪዥን ዝግጅት አስተዋወቀው፣ በ2019 ዐርፏል። ሐሳብን በዛፍ መልክ ማሳየት ግን ከሱ በጣም ይቀድማል። በ3ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ፈላስፋ ፖርፊሪዮስ ነገሮችን የመደበበት መንገድ በኋለኞቹ ሰዎች እጅ ሥዕል ሆኖ እስከ ዛሬ "የፖርፊሪዮስ ዛፍ" ይባላል። ወደ እኛም ስንመጣ፣ የአንድምታ መምህር አንድ ጥቅስ አንብቦ "አንድም" እያለ ትርጓሜውን ሲያወርደው የሰማ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ከአንድ ንባብ ስንት ቅርንጫፍ ይወጣል፣ ያውም ሁሉም በቃል ተይዞ!

እኛ ግን በቃል የመያዙ ሥልጠና የለንም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 ሰው ባንድ ጊዜ በአእምሮው ሊይዝ የሚችለው ሰባት ገደማ ነገር ነው ብሎ ጻፈ። በ2001 ኔልሰን ካዋን የተጠራቀሙትን ጥናቶች አገላብጦ ቁጥሩን ወደ አራት ገደማ አወረደው። አራት! ቤት መቀየር እንኳ ከአራት በላይ ነገር አለው፦ ኪራዩ፣ ቅድመ ክፍያው፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ታክሲው፣ ውኃው፣ አከራይዋ። አምስተኛውን ስታስቡ የመጀመሪያው ያመልጣል፣ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ እነዚያኑ ነገሮች ስታገላብጡ ታድራላችሁ። ወረቀት ላይ ሲወርድ ግን አንዱ ሌላውን ገፍቶ አያስወጣውም።

አሁን በቅርብ ያየሁትን ልንገራችሁ። የአክስቴ ልጅ አራት ኪሎ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ቤቷ ጠባብ ናት፤ ሁለት ማሽን፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንዲት ሠራተኛ። ደንበኞቿ ባብዛኛው ተማሪዎች ናቸው፣ ከአራት ኪሎ ግቢ የሚወጡ፣ ከአምስት ኪሎ የሚወርዱ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሲያነቡ ቆይተው ፕሪንት ለማድረግ ብቅ የሚሉ። ሥራ አለ፣ ግን ወር መጨረሻ ላይ የሚተርፍ ብር የለም። "ወረቀቱ ነው የገደለኝ፣ በመጣ ቁጥር ጨምሮ ነው የሚጠብቀኝ" ትላለች። እውነቷን ነው፣ ወረቀት ተወዷል። የወረቀት ዋጋ ግን በእሷ እጅ ያለ ነገር አይደለም፣ ስለዚህ ወሬያችን ሁልጊዜ እዚያ ሲደርስ ይቆማል።

አንድ ከሰዓት የተበላሸ ኮፒ አንስቼ ጀርባው ላይ "ለምን አይተርፍም?" ብዬ ጻፍኩ። "አንቺ ደግሞ፣ ከሒሳብ ደብተሬ በላይ ምን ልታገኚ ነው?" አለችኝ። እሷ ታወራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ኪራይ። ወረቀት። ቶነር። መብራት። ሠራተኛ። ደንበኛ። እነዚህ ከወጡ በኋላ በእያንዳንዱ ላይ "እሺ፣ እሱ እንዴት ነው የሚሆነው?" እያልኩ መጠየቅ ጀመርኩ። ወረቀት ከየት ነው የምታመጪው? "መርካቶ።" መቼ ነው የምትሄጂው? "ምሳ ሰዓት ላይ ነዋ፣ ጠዋት ልጁን አደርሳለሁ፣ ወደ ማታ መንገዱ አይቻልም።" ጻፍኩ። ደንበኛ የሚበዛው መቼ ነው? "ምሳ ሰዓት፣ ተማሪው ከክፍል ሲወጣ።" ጻፍኩ። ፋይሉን በምን ይሰጡሻል? "ድሮ በፍላሽ ነበር፣ አሁን ሁሉም በቴሌግራም ነው የሚልከው።" በማን ቴሌግራም? "በኔ ስልክ።" ሠራተኛዋስ? "ጎበዝ ናት፣ ጥረዛም ላሚኔትም ትችላለች፣ ፋይሉን ብቻ ነው ከኔ ስልክ የምትጠብቀው።"

ወረቀቱን ወደሷ አዞርኩት። "ምሳ ሰዓት" ወረቀት ሥርም አለ፣ ደንበኛ ሥርም አለ። "ስልኬ" ደግሞ ደንበኛ ሥርም ሠራተኛ ሥርም ተጽፏል። ጣቷን አንዱ ላይ አድርጋ ወደ ሌላው አስኬደችው፣ ትንሽ ዝም አለችና "እኔ መርካቶ ስሄድ እኮ ስልኬም አብሮኝ ይሄዳል" አለች። ተማሪው ገብቶ ፋይሉን ይልካል፣ ፋይሉ የሚደርሰው መርካቶ ላለችው ለሷ ነው፣ እሷ ደግሞ በዚያ ግርግር ስልኳን አታይም፣ ልጅቷ "ትንሽ ጠብቁ" ትላለች፣ ተማሪው የምሳ ሰዓቱ ሳያልቅበት ወደ ቀጣዩ ቤት ይሄዳል።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነበር። አንድ ሲም ካርድ ተገዛ፣ የሱቁ ቴሌግራም ተከፈተ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ተጫነ፣ ቁጥሩ በትልቁ ፕሪንት ተደርጎ መስታወቱ ላይ ተለጠፈ። ወረቀት የማምጣቱ ሥራም ወደ ቅዳሜ ከሰዓት ዞረ። ወረቀት አሁንም ውድ ነው፣ ካርታ የገበያ ዋጋ አያወርድም። ምሳ ሰዓት ላይ የመጣ ሰው ግን ተስተናግዶ ነው የሚሄደው። ይሄንን ሒሳብ ደብተሯ ሊያሳያት አይችልም ነበር። ደብተሩ የገባውን ብር ይጽፋል እንጂ ተመልሶ የሄደውን ሰው አይጽፍም።

እና ካርታ ሠርቼ ስጨርስ መጀመሪያ የምፈልገው ሁለት ቦታ የተጻፈ ቃል ነው። ብዙ ጊዜ ችግሩ ቅርንጫፎቹ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው ያለው፤ በዝርዝር ብንጽፈው አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ስለሚሆን ዐይናችን ሳያገናኘው ያልፋል። ስታገኙት በመስመር አያይዙት፣ መስመሩም ላይ ግስ ጻፉበት፦ "ያስቀራል"፣ "ያዘገያል"፣ "ይጠብቃል"። ይሄ ልማድ ከቡዛን የመጣ አይደለም። አሜሪካዊው ጆሴፍ ኖቫክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ልጆች ሳይንስን እንዴት እንደሚረዱ ሲያጠኑ "ኮንሴፕት ማፕ" የሚባለውን ሠሩ፣ እዚያ ላይ እያንዳንዱ ማገናኛ መስመር የራሱ ቃል አለው። ግስ ያጣችሁለት መስመር ካለ ግንኙነቱን በግምት ነው ያሰመራችሁት፣ ሰርዙት። ካይዘን የሠለጠናችሁ ደግሞ የጃፓኑን የካኦሩ ኢሺካዋን የዓሣ አጥንት የሚመስል የምክንያት ሥዕል ታስታውሱ ይሆናል። ምክንያት ለመዘርዘር ጥሩ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። አጥንቶቹ ሁሉ ወደ አንድ ራስ ስለሚያመሩ ግን አንዱ ምክንያት ሌላውን ሲያባብስ ለማሳየት አይመችም።

ሁለተኛ የምፈልገው ባዶ ቅርንጫፍ ነው። ወንድሜ ሊያገባ ሲል ቤተሰቡ ሳሎን ተሰብስቦ ነበር። የኛን ቤት ስብሰባ ታውቁታላችሁ፣ ታላቅ ይናገራል፣ ታናሽ ያዳምጣል፣ አጎቴ ስለ መጠጥ ጀምረው እስኪጨርሱ ቡናው ሦስተኛው ላይ ይደርሳል። ይሄ ክፉ ልማድ አይደለም፣ መከባበር ነው፤ ግን ታናሾቹ ያዩት ነገር ሳይነገር ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ ለሁሉም ወረቀት ሰጠሁ፣ ለእናቴም ለአጎቴም ለትንሿ እህቴም። ማንም ሳይናገር እያንዳንዱ የራሱን ይጻፍ፣ ከዚያ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ እናዋህደዋለን አልኩ። አጎቴ መጀመሪያ ቅር ያላቸው መሰሉ፣ ኋላ ግን የሁሉንም የሚበልጥ ጻፉ።

ሲዋሃድ ድግስ የሚለው ቅርንጫፍ ወረቀቱን ሞላው። አዳራሽ፣ ቬሎ፣ ሚዜ፣ መኪና፣ ካሜራ፣ ሁሉም ዝርዝር አላቸው። "ቅልቅል" ግን ብቻውን ቆሟል፣ ሥሩ አንድም ነገር የለም። የት ይሁን? ስንት ሰው ይጠራል? በማን ወጪ? ማንም አላሰበበትም፣ ሁሉም ሌላው ያሰበው መስሎታል። ከትንሿ እህቴ ወረቀት ላይ ደግሞ "እማማ፣ ደረጃ" የሚል ተገኘ። ያየነው አዳራሽ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ሊፍቱ ይቆማል፣ አያታችን ደረጃ መውጣት አይችሉም። ትንሿን እህቴን ማንም አይጠይቃትም ነበር። አዳራሹ ተቀየረ።

እዚህ ላይ የካርታውን ድክመት ልንገራችሁ፤ ካርታ ቀን አያውቅም። አዳራሽና ቬሎ ጎን ለጎን እኩል ሆነው ይቀመጣሉ። እንደምታውቁት ግን በጾም ሠርግ አይደገስም፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ስለዚህ ከሱ በፊት ያለው ጥር በሠርግ ይጨናነቃል፣ አዳራሹም ወራት ቀድሞ ይያዛል። ቬሎው ሊቆይ ይችላል፣ አዳራሹ አይችልም። ለዕቅድ ስትሠሩት ታዲያ ካርታው ላይ አትቁሙ። በዚያው ቀን ወደ ተራ ዝርዝር ገልብጡት፣ ከእያንዳንዱ ሥራ ጎን "ማን?" እና "እስከ መቼ?" ብላችሁ ጻፉ። ካርታው አምሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሥራው ግን ያልተሠራባቸው ቢሮዎች አይቻለሁ፣ የቀሩት ይቺን አንዲት ገጽ ባለመጻፋቸው ነው።

ስለ መሣሪያ ብዙ አልልም። እርሳስና የተጻፈበት ወረቀት ጀርባ ይበቃል። ኤክስማይንድና ፍሪማይንድ የሚባሉት የኮምፒውተር ፕሮግራሞችም ጥሩ ናቸው፣ በተለይ ካርታው ሲሰፋና ቅርንጫፍ ከቦታ ወደ ቦታ ማዛወር ስትፈልጉ ኮምፒውተሩ ያሸንፋል። ለመጀመሪያው ሙከራ ግን ወረቀትን እመርጣለሁ፣ ቀለምና ቅርጽ ስትመርጡ ሐሳቡ እንዳያመልጣችሁ። ቀለም ራሱ ትርጉም ካልሰጣችሁት ጌጥ ነው። እኔ ቀይን በእጄ ላልሆነ ነገር ብቻ ነው የምጠቀምበት፤ በዚያ በፎቶ ኮፒ ቤቱ ወረቀት ላይ ቀይ የነበረው የወረቀትና የቶነር ዋጋ፣ ኪራይ እና መብራት ነበር። የቀረው ሁሉ ልትነካው የምትችለው ነው።

በመጨረሻ ለተማሪዎች፣ በተለይ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ለምትዘጋጁት፣ ይሄን በደንብ ስሙኝ። ማይንድ ማፕ ለጥናት ይረዳል፣ ግን ብዙዎቻችሁ በምትሠሩበት መንገድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 ለንደን ውስጥ በሕክምና ተማሪዎች ላይ በተሠራ ጥናት ማይንድ ማፕ የተጠቀሙት ከሳምንት በኋላ በመጠኑ የተሻለ አስታውሰዋል። በ2011 ደግሞ አሜሪካ የሚገኘው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጄፍሪ ካርፒኪና ጃኔል ብለንት ሌላ ነገር አሳዩ። አንዱ ቡድን የሳይንስ ጽሑፍ ፊቱ ዘርግቶ ኮንሴፕት ማፕ ሠራ፣ ሌላው ጽሑፉን አንብቦ ዘጋና የሚያስታውሰውን ጻፈ፣ እንደገና አንብቦ እንደገና ጻፈ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ዘግቶ የጻፈው በለጠ። ፈተናው ራሱ ካርታ መሥራት ሲሆንም እንኳ የበለጠው እሱ ነው። ተማሪዎቹ ግን አስቀድመው ሲጠየቁ የገመቱት ተቃራኒውን ነበር።

መጽሐፉን ገልጣችሁ በአምስት ቀለም የምትገለብጡት ካርታ የተማራችሁ ያስመስላችኋል፣ ጊዜያችሁንም ይበላል። የባዮሎጂውን ምዕራፍ አንብቡ። መጽሐፉን ዝጉ፣ ስልኩንም ገልብጡ። ባዶ ወረቀት መሐል ላይ "ሴል" ብላችሁ ጻፉና የምታስታውሱትን ሁሉ በእርሳስ አውጡ፣ ባይመጣላችሁም ቶሎ አትክፈቱ፣ ትንሽ ታገሉ። ሲያበቃ መጽሐፉን ግለጡና የጎደለውን በሌላ ቀለም ጨምሩበት። ነገ ቁጭ ብላችሁ የምታጠኑት በሌላው ቀለም የተጻፈውን ብቻ ነው።