የ«ጤ» ቀለበት

ባለፈው ክረምት፣ ነሐሴ ውስጥ፣ አንዲት የመድኃኒት መደብር ባለቤት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ደውለው «ልጄ፣ እስቲ መጥተህ የጻፍከውን አንብብልኝ» አሉኝ። በድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ወርክሾፓችን ቱሉ ዲምቱ ሲሆን የእሳቸው መደብር ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሥር ነው። በዝናብ ባጃጅ ፈልጌ ሄድኩ።

ስደርስ ከመንገዱ ማዶ ጥላ ይዘው ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ሰላምታዬን ከተቀበሉ በኋላ ተሻግረው ማብሪያውን ተጫኑና ተመልሰው አጠገቤ ቆሙ። ግንቦት ላይ በገዛ እጄ ከበራቸው በላይ የሰቀልኩት ባለ ኤልኢዲ ጽሑፍ «ጤና ይስጥልኝ» የሚል ነበር፤ ወደ መደብሩ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ቀድሞ ሰላም እንዲልላቸው ፈልገው ያሠሩት ነው። በዚያ ምሽት ግን ከመንገዱ ማዶ የሚነበበው «ጠና ይስጥልኝ» ነበር።

«ጮክ ብለህ አንብበው» አሉኝ። አነበብኩት።

«ከሦስት ቀን በፊት» አሉ እትዬ፣ «እናቱ የታመሙበት አንድ ጎረምሳ ማዘዣ ይዞ መጣ። ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀና ብሎ አየና ሳይገባ ቀረ። ወጥቼ ምን ሆንክ ብዬ ስጠይቀው፣ ‹እትዬ፣ ሐኪሙም አሁን ጠንቶባቸዋል አለኝ፣ እዚህም ተጽፎ አየሁት› አለኝ። መድኃኒቱን ሰጥቼ፣ አጽናንቼ ሸኘሁት። ከዚያ ወዲህ መብራቱን አላበራሁትም። በዚህ መንገድ ላይ ሌላ መብራት እንደሌለ አንተም ታውቃለህ፤ ሰው በጨለማ እየተደናበረ ነው የሚያልፈው።»

ይቅርታ ከመጠየቅ በቀር የምመልሰው አልነበረኝም። ጽሑፉን በዚያው ሌሊት አውርጄ ወሰድኩት።

የሆነውን ለመረዳት የፊደላችንን ጠባይ ማሰብ ይበቃል። «ጠ»ን «ጤ» የሚያደርጋት በቀኝ እግሯ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ቀለበት ብቻ ናት። በላቲን ፊደል ከአንዱ ሆሄ ጥግ ላይ ትንሽ ብርሃን ቢጠፋ ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ ያው ቃል ሆኖ ይነበባል፤ በእኛ ግን ያቺ ትንሽ ምልክት ስትጠፋ ፊደሏ የተጎዳች አትመስልም፣ ሙሉና ጤነኛ የሆነች ሌላ ፊደል ትሆናለች። አንባቢውም ስህተት መኖሩን አይጠረጥርም፤ ያየውን አምኖ ያነባል። የብርሃን ጽሑፍ የሚሠራ ሰው ይህን ከማንም በላይ ሊያውቅ ይገባል፣ እኔም የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

ሥራውን በጥንቃቄ ነበር የሠራሁት። ሰባቱን ፊደላት እያንዳንዳቸው 40 ሴንቲ ሜትር ቁመት ሰጥቼ፣ ፊታቸውን ከ3 ሚሊ ሜትር ወተት መሰል አክሪሊክ በሌዘር አስቆርጬ፣ ጎናቸውን 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ፕላስቲክ ከብቤ እንደ ሣጥን አዘጋጀኋቸው። በሜትር 60 መብራት ባለው ባለ 12 ቮልት ስትሪፕ (ትናንሽ ኤልኢዲዎች የተደረደሩበት ቀጭን ጥብጣብ) ላይ በመብራቶቹ መካከል ያለው ርቀት 17 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ነጠብጣቦቹ ተዋሕደው አንድ ወጥ ብርሃን እንዲሆኑ ከበቂ በላይ ነው። ስትሪፑ በሜትር 14.4 ዋት ይፈጃል፤ ጠቅላላው 8.4 ሜትር ስለነበር 121 ዋት፣ ማለትም 10 አምፔር ገደማ ሆነ፤ እኔም እንዳይጨነቅ ብዬ ባለ 15 አምፔር ፓወር ሰፕላይ ገጠምኩለት። ስትሪፑን ከአንድ ጫፍ ብቻ መግቦ ማስረዘም መጨረሻ ላይ ያሉትን ፊደላት ስለሚያደበዝዝ፣ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ሽቦ አወጣሁ። እስከዚህ ድረስ ዛሬም የማፍርበት ነገር የለም።

ቀለበቷ ግን አስቸጋሪ ነበረች። ይህ ዓይነት ስትሪፕ የሚቆረጠው በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ብቻ ነው፤ በአንድ ቁራጭ ውስጥ ሦስት መብራቶች ከአንድ ሬዚስተር (የኤሌክትሪኩን ፍሰት ከሚገድብ ትንሽ ዕቃ) ጋር በተከታታይ ስለሚያያዙ ከዚያ በታች ማሳጠር አይቻልም፣ ወደ ጎንም አይታጠፍም። ስለዚህ በቀለበቷ ውስጥ አንዲት ቁራጭ ብቻ አስቀምጬ ከእግሩ ጫፍ በሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች በሶልደር አያያዝኳት። ክረምት መምጣቱን አስቤ፣ ውኃ እንዳይደርስባት፣ ሌሎቹ መጋጠሚያዎች ላይ የአተር ፍሬ የምታህል ሲሊኮን ሳደርግ ይህቺን ጠባብ ቦታ እስኪሞላ ድረስ ሞላሁት። ብዙ በማድረጌ የበለጠ የጠበቅኳት መስሎኝ ነበር።

እስካሁን የሚከነክነኝ የዚያ ቀን ንግግራችን ነው። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ከቴክኒክና ሙያ የወጣ፣ ብዙ የማይናገር ልጅ ነው። እኔ ሲሊኮኑን እየጨመቅኩ ስለ ነጭ ኤልኢዲ አስረዳው ነበር፤ ነጩ ብርሃን በእውነቱ ሰማያዊ መብራት በቢጫ ፎስፈር ተሸፍኖ የሚገኝ መሆኑን፣ ሰማያዊውን ለማግኘት የደከሙት አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት መቀበላቸውን በዝርዝር ነገርኩት። እሱ የሲሊኮኑን ቱቦ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ነበር።

«ጋሼ፣ ይኼ ነገር አቼቶ አቼቶ ይሸታል።»

«ሲደርቅ ሽታው ይጠፋል» አልኩት።

«አቼቶ መዳብ አይበላም?»

«ሻጩ ሁሉም ሲሊኮን አንድ ነው ብሎኛል» ብዬ ወደ ኖቤሉ ወሬ ተመለስኩ። ልጁ ዝም አለ። ጥያቄው ትክክለኛ ነበር፤ እኔ ግን የሰማሁት ጥያቄውን ሳይሆን የጠያቂውን ዕድሜ ነበር።

ያወረድኩትን «ጤ» በማግስቱ ጠዋት አብረን ከፈትናት። በቴስተር ስለካው እግሩ ጫፍ ላይ 12 ቮልት አለ፣ ቀለበቷ ውስጥ ምንም የለም። ሲሊኮኑን በስለት ገልጬ ሽቦውን በጣቴ ነካ ሳደርገው ያለ ምንም ትግል ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። የመዳቡ ነጥብ የነበረበት ቦታ ላይ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ዱቄት ብቻ ነበር የቀረው፤ በአውራ ጣቴ ላይ ታትሞ ቀኑን ሙሉ ሳየው ዋልኩ። የዚያ ዓይነት ሲሊኮን ከአየር እርጥበት ጋር ተገናኝቶ ሲደርቅ አሴቲክ አሲድ ያወጣል፣ ኮምጣጤን ኮምጣጤ የሚያደርገውም ይኸው አሲድ ነው። በክፍት ቦታ ቢሆን በንኖ ይሄዳል፤ እኔ ግን በተዘጋ ሣጥን፣ በጠባብ ቀለበት ውስጥ ሞልቼ መውጫ አሳጣሁት። የምትፈራው ውኃ አንድ ጠብታ እንኳ አልገባባትም።

መርካቶ ሄጄ ያንኑ ሻጭ ስጠይቀው፣ ኒውትራል የሚባለውን፣ ሲደርቅ አሲድ የማያወጣውን ሲሊኮን ከዚያው ከበስተኋላው ካለው መደርደሪያ ላይ አውርዶ ሰጠኝ። ያን ጊዜም እዚያው ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «አልጠየቅከኝም» አለኝ። ዕቃ የሚሸጥ ሰው የዕቃውን ጠባይ ለገዢው መንገር አለበት ብዬ አምናለሁ፣ ለእሱም ነግሬዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን የምገዛው ከሌላ ቤት ነው።

የቀሩትንም ስድስት ፊደላት ከፈትናቸው። ሁሉም ይበሩ ነበር፣ ይሁን እንጂ «ኝ» ውስጥ ያለው መጋጠሚያ ጠርዙ ላይ አረንጓዴ መሆን ጀምሯል። ሁሉንም መጋጠሚያዎች አጽድተን እንደ አዲስ ሶልደር አደረግን። ቀለበቷን ከዚህ በኋላ በአንድ በኩል ብቻ አላምናትም ብዬ ከሁለቱም ጫፎቿ መገብኳት፤ አንዱ ሽቦ ቢበጠስ ሌላው ያበራታል። ልጁ ይህን ሲያይ «ጋሼ፣ አቼቶው ከሌለ እኮ አንዱ ይበቃል» አለኝ። ምናልባት ልክ ነው። ሁለቱንም ተውኳቸው።

በአራተኛው ምሽት መልሰን ሰቀልነው። እትዬ ለድካማችሁ ብለው ገንዘብ ሊሰጡን ሲሉ አልቀበልም አልኩ፤ የሲሊኮኑንማ ካልከፈልኩ ብለው ስለጸኑ የእሱን ብቻ ተቀበልኩ። ከዚያም የጥፋቱን ምክንያት ማን እንዳገኘው ጠየቁኝ። ልጁን አሳየኋቸው፤ ሰቅለንም ሳንጨርስ፣ ገና ግንቦት ላይ እንዳገኘው ነገርኳቸው። ትከሻውን ይዘው፣ እኔን ወደ ማብሪያው ልከው፣ አብረው መንገዱን ተሻገሩ። ስጫነው ብርሃኑ እርጥቡ አስፋልት ላይ ወረደ። ከወዲያ ማዶ የሁለቱ ድምፅ፣ ልጅ ሆነን ፊደል ስንቆጥር በነበረው ዜማ፣ እየተከታተለ ይሰማኝ ጀመር፦ «ጠ፣ ጡ፣ ጢ፣ ጣ፣ ጤ»፤ እዚያ ላይ ቆሙ።

«ና» አሉ እትዬ።