ሰዓት የሚበላው ኬላው ነው፦ የነፍስ አድን ቡድንን ድንበር ለማሻገር የምንሠራበት መንገድ

በፍርስራሽ ሥር የተቀበረ ሰው በሕይወት የመውጣት ዕድሉ ሰዓት ባለፈ ቁጥር ይመነምናል። ወደ ጎረቤት አገር የሚሻገር ቡድን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሰዓት የሚያጣው በመንገዱ ርዝመት ሳይሆን በኬላው ላይ ነው፤ ኬላው ላይም ከሰው ይልቅ ዕቃው ይዘገያል። ዝግጅታችን ያተኮረው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ጉዳይ ፈቃድ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1991 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው 46/182 ውሳኔ መሠረት እርዳታ የሚሰጠው አደጋ የደረሰበት አገር ሲስማማ ነው። ስለዚህ የጥሪውንም የመቀበያውንም ደብዳቤ ቅጽ ሁለቱ አገሮች አስቀድመው ይስማሙበታል፤ በአደጋው ቀን የሚሞላው ቦታው፣ የሚፈለገው ሙያ፣ መግቢያ ኬላውና የተረኛው ስልክ ብቻ ነው። «50 ሰው ላኩልን» የሚል ጥሪ አይጠቅምም፤ «ኮንክሪት ቆርጦ የሚገባ፣ በሁለት ቦታ ሌት ተቀን የሚሠራ ቡድን» ሲባል ግን ላኪው ምን እንደሚጭን ያውቃል። በኢንሳራግ (በዓለም አቀፉ የፍለጋና ነፍስ አድን አማካሪ ቡድን) መለኪያ ከባድ ቡድን ማለት ይኸው ነው፤ ለ10 ቀን ራሱን ችሎ ይሠራል። መካከለኛው በአንድ ቦታ ለ7 ቀን ነው። የተረኛ ስልክ በበዓል ሌሊት ተደውሎ ካልተፈተነ እንዳለ አንቆጥረውም።

የዕቃ ዝርዝሩን በሳጥን እንከፍላለን። እያንዳንዱ ሳጥን ቁጥር፣ ክብደት፣ የውስጥ ዕቃውን ስም፣ የፋብሪካ መለያ ቁጥሩንና ግምታዊ ዋጋውን በሁለቱም አገር የሥራ ቋንቋ ይይዛል። ከሁሉ በላይ ግን ተመላሹን ዕቃ እዚያው ከሚቀረው መለየት ያስፈልጋል። ጄኔሬተር፣ የኮንክሪት መቁረጫና የድምፅ ማዳመጫ መሣሪያ በጊዜያዊ ማስገቢያ ይመዘገባሉ፤ ድንኳንና ብርድ ልብስ በስጦታ። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ጉምሩክ ሁሉንም እንደ ንግድ ዕቃ ሊያየው ይችላል። በአውሮፕላን የሚሄድ ጄኔሬተር ነዳጁ ተንጠፍጥፎ መውጣት አለበት። ነዳጅ አብሮ አይጫንምና ተቀባዩ አገር በቀን ስንት ሊትር ቤንዚንና ናፍጣ እንደሚያቀርብ በጥሪው መልስ ውስጥ ይጻፋል።

ኬላ ላይ ደጋግመው የሚያስቆሙ ሦስት ነገሮች አሉ። ሞርፊንና መሰል መድኃኒቶች በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር ስለሆኑ ከሌላው መድኃኒት ተለይተው በተቆለፈ ሳጥን፣ በኃላፊው ሐኪም ፊርማና ከነመጠናቸው ይጓዛሉ። አነፍናፊ ውሾች የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማስረጃና የተመዘገበ ማይክሮቺፕ ይፈለግባቸዋል። ሬዲዮና ሳተላይት ስልክ ደግሞ የፍሪኩዌንሲ ፈቃድ ይሻሉ። በ1998 የጸደቀውና በ2005 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ላይ የዋለው የታምፔሬ ስምምነት ይህን እንቅፋት ለማቃለል የወጣ ነው፤ የሚሠራው ግን ባጸደቁት አገሮች መካከል ስለሆነ ጎረቤት አገር ማጽደቅ አለማጽደቁን አስቀድሞ ማጣራት ግድ ነው።

አማራጭ ኬላ ሳይመዘገብ ዕቅዱ ተጠናቀቀ አይባልም። የካቲት 6 ቀን 2023 (እ.ኤ.አ.) ቱርክንና ሶሪያን ርዕደ መሬት ሲመታ፣ በጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሶሪያ ለሚገባ እርዳታ የተፈቀደው ባብ አል-ሃዋ የተባለው የቱርክ ድንበር ኬላ ብቻ ነበር፤ ወደ ኬላው የሚወስደው መንገድም ተጎድቶ ነበር። ባብ አል-ሰላምና አል-ራኢ እንዲከፈቱ ስምምነት የተገለጸው ከሳምንት በኋላ ነው። ለተቀበረ ሰው ሳምንት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

ቡድኑ ካለፈ በኋላ የሚያሳስተው አድራሻ ነው። አንዱ ወገን 36 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ብሎ የጻፈውን ሌላው 36.30 ዲግሪ ብሎ ቢያነበው፣ በኬክሮስ ላይ ልዩነቱ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ትክክለኛው 36.50 ነበር። ስለዚህ አንድ አጻጻፍ ብቻ እንጠቀማለን፦ በነጥብ የተጻፈ ዲግሪ፣ ከነጥቡ በኋላ አምስት አሃዝ፣ ኬክሮስ ቀድሞ፣ ኬንትሮስ ተከትሎ። ተቀባዩ በሬዲዮ መልሶ ያነበዋል፤ የቅርቡን መንደር ስምም ይጨምርበታል። ሰዓት በሁለቱም ወገን በዓለም አቀፉ ሰዓት (UTC) ይመዘገባል።

በጋራ ወንዝ ላይም ችግሩ ይኸው ነው። «ውሃው 4 ሜትር ደርሷል» የሚል መልእክት የታችኛውን አገር አያስጠነቅቅም፤ የየመለኪያው ዜሮ የተለያየ ነውና። ፍሰቱ በሰከንድ ስንት ኪዩቢክ ሜትር እንደሆነ ይነገር፤ የሚደርስበት ሰዓትም አብሮ ይገመት። ያም ሆኖ ቁጥሩ ብቻ በቂ አይደለም። ነሐሴ 2008 (እ.ኤ.አ.) የኮሺ ወንዝ ኔፓል ውስጥ ኩሳሃ አጠገብ ክትሩን ጥሶ ወደ ሕንዷ ቢሃር ሲወርድ፣ ፍሰቱ ክትሩ እንዲችል ከታሰበው መጠን እጅግ ያነሰ ነበር። በየዕለቱ በምንለዋወጠው ሪፖርት ላይ ስለ ክትሩ ሁኔታ፣ ማለትም ስለ ስንጥቅ፣ ስለ ስርገትና ስለ ተሸረሸረ ዳር አንድ ቋሚ መስመር የጨመርነው ለዚህ ነው።

መውጫውም እንደ መግቢያው ይታቀዳል። ሳጥኖቹ የሚቆጠሩት በገቡበት ዝርዝር ነው። የተሰበረ መሣሪያ ስብራቱ በፎቶ ተይዞ፣ ቡድኑ ካምፑን ሳይነቅል በተቀባዩ አገር ኃላፊ ይፈረምበታል። የተረፈው ሞርፊን ከተሰጠው ጋር ተደምሮ ከገባው መጠን ጋር መግጠም አለበት፤ ካልገጠመ ሐኪሙ ኬላው ላይ ይቆማል።