አራት ወር ሰማይ ላይ አፍጥጬ

ሥነ ፈለክ ልማር ብዬ ከተነሳሁ አራት ወር ሆነኝ። የመጀመሪያው ወር ባክኗል ማለት ይቻላል። ጥፋቱ የራሴ ነው። ስልኬ ላይ የኮከብ ካርታ ጭኜ እወጣለሁ፣ ስክሪኑን አያለሁ፣ ቀና እላለሁ፣ ድቅድቅ ጨለማ። እንደገና ስክሪኑን። ዓይን ጨለማውን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ እንደሚፈልግ፣ አንዴ ደማቅ ብርሃን ካየ ደግሞ ሁሉም ከዜሮ እንደሚጀመር የገባኝ ዘግይቶ ነው። አሁን ስልኩን በቀይ ብርሃን ብቻ ነው የምከፍተው፣ እሱንም ሲቸግረኝ።

ሌላው ጣጣዬ ማስታወስ ነበር። ኅብረ ከዋክብቱ፣ ማለትም ሰማዩ የተከፋፈለባቸው የኮከብ ሥዕሎች፣ 88 ናቸው። ስማቸውን እንደ ፈተና ሸመደድኩ፤ ሰማዩ ሥር ስቆም ግን ሁሉም ነጥብ ብቻ ሆነብኝ። ስለ እነሱ የሚተረኩትን አፈ ታሪኮች ደግሞ የልጆች ተረት ናቸው ብዬ እዘላቸው ነበር። ከእነሱ የአንዷን፣ የካሲዮፒያን፣ ታሪክ ያነበብኩት እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ብቻ ነው።

ግሪኮች ሲተርኩ ካሲዮፒያ የኢትዮጵያ ንግሥት ናት (እነሱ ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር ነው፣ ቶሎ ደረታችሁን አትንፉ)። በውበት ከባሕር ልዕልቶች እበልጣለሁ ብላ ትመጻደቃለች፣ የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን ተቆጥቶ አውሬ ይልካል፣ ንጉሡ ሴፊየስ አውሬውን ለማብረድ ልጁን አንድሮሜዳን ዐለት ላይ ያስራታል፣ ከዚያ ጀግናው ፐርሲየስ ፀጉሯ እባብ የሆነውን የጭራቋን የሜዱሳን ራስ ቆርጦ ሲመለስ ልጅቷን አይቶ አውሬውን ይገድልና ያገባታል። እና ይሄ ቤተሰብ ሰማይ ላይም ጎረቤት ነው! በማግስቱ ወጥቼ የካሲዮፒያን አምስት ኮከቦች ካገኘሁ በኋላ ባልዬውንም፣ ልጅቷንም፣ አማቹንም ያለ ካርታ ለቀምኳቸው። አንድሮሜዳ ላይ ያለችውን ጭጋግ የመሰለች ነጠብጣብ ደግሞ ፊት ለፊት ሳይሆን በዓይኔ ጥግ ሳይ ነው ያገኘኋት። 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት የራቀ የኮከቦች መንጋ፣ ጋላክሲ፣ በባዶ ዓይን።

ከሁሉ የያዘኝ ግን አልጎል ነው። ፐርሲየስ የያዘው የሜዱሳ ራስ ላይ ያለ ኮከብ ነው፤ ስሙ ከዐረብኛ የመጣ ነው፣ የጋኔን ራስ እንደማለት። በየ2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃው ይደበዝዝና ተመልሶ ይደምቃል። እንደ አንድ የምናየው ኮከብ በእውነቱ ተጠጋግተው እርስ በርስ የሚዞዞሩ ኮከቦች ናቸው፤ ፈዛዛው በደማቁ ፊት ሲያልፍ ይጋርደዋል። እንዲህ ሳይሆን አይቀርም ብሎ በ1783 እ.ኤ.አ. የገመተው ጆን ጉድሪክ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ዕድሜው 18፣ መስማት የተሳነው ልጅ። መረጋገጡ እስከ 1889 ቆየ። ጥንታውያኑ መደብዘዙን አይተው ይሆን ጋኔን ያሉት? ብዙ ክርክር አለበት። እኔ ሜዱሳ ራሷ ለስሙ ትበቃለች ባይ ነኝ።

ሲደበዝዝ ለማየት ሁለት ጊዜ ሞክሬ ከሸፈብኝ። አንዴ ደመና። አንዴ ደግሞ የሚደበዝዝበትን ጊዜ የሚያሳየው ሠንጠረዥ የተጻፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት መሆኑን ሳላይ በራሴ ሰዓት ወጥቼ፣ ምንም ሳይሆን ስጠብቀው አደርኩ፤ አሁን ሳስበው ያስቀኛል፣ ያኔ ግን አላሳቀኝም። በሦስተኛው ተሳካ። ዘዴው ማነጻጸር ነው። በደህናው ጊዜ አልጎል አንድሮሜዳ እግር ላይ ካለው አልማክ ከሚባለው ኮከብ ጋር በድምቀት እኩል ነው፣ ያን ምሽትም ስጀምር እኩል ነበሩ። ከሦስት ሰዓት በኋላ አልማክ በግልጽ በለጠ። ወደ አምስተኛው ሰዓት ላይ አልጎል እዚያው ፐርሲየስ ውስጥ ካለው ኤፕሲሎን ከሚባለው ኮከብ እንኳ አነሰ። ደብተሬ ላይ «ጋኔኑ ዓይኑን ጨፈነ» ብዬ ጻፍኩ። ሳይንሳዊ ማስታወሻ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ይህን ሁሉ ያየሁት ያለ ቴሌስኮፕ ነው፣ ስለዚህ ለመግዛት የምትጣደፉ ረጋ በሉ።

አሁን የቀረኝ ጊንጡ የሚባለው ኅብረ ከዋክብት ነው። አዳኙን ኦሪዮንን የነደፈው ጊንጥ ዳግም እንዳያገኘው ሁለቱ በሰማዩ ተቃራኒ ጫፍ ተቀመጡ ይላል ተረቱ፤ በእርግጥም አንዱ ሲጠልቅ ነው ሌላው ብቅ የሚለው። ኦሪዮን ምዕራብ ላይ ሳይጠፋ የጊንጡን ቀይ ልብ፣ አንታሬስን፣ በምሥራቅ መያዝ እፈልጋለሁ። ሁለቱንም በአንድ ሌሊት የያዘ ካለ ስንት ሰዓት ላይ እንደነበር ይንገረኝ።