እስክሪብቶ ይበቃዋል

ደሴ ፒያሳ ባለችው የማስታወቂያ ሥራ ቤታችን አንድ ወጣት ሠዓሊ አለ። እጁ የተባረከ ነው። ግን በእጅ የሚሣል ሥራ ሲመጣ መልሱ ሁሌም አንድ ነበር፤ «ጋሼ፣ ያለ ታብሌት ምን ይሠራል?» ኮምፒውተር ላይ የሚሰካውን መሣያ ማለቱ ነው። ዋጋው አይቀመስም።

በዚያ ሰሞን የአሜሪካዊቷ ሠዓሊና ደራሲ የኤሚል ፌሪስ ሁለተኛ መጽሐፍ ከአሜሪካ በመጣ ዘመድ እጅ ደረሰኝ። በሥዕል የሚተረክ ልቦለድ ነው። የመጀመሪያው ክፍል በ2017 እ.ኤ.አ. ወጥቶ፣ ቀጣዩ እስከ 2024 አስጠብቆናል። የ10 ዓመት ልጅ በ1960ዎቹ ቺካጎ የጎረቤቷን አሟሟት ትመረምራለች። ራሷን የምትሥለው ግማሽ ሰው ግማሽ ተኩላ አድርጋ ነው። መጽሐፉ የልጅቷ ደብተር ነው፤ መስመሩና ሽቦው ሳይቀር ይታያል።

መብራት ሲጠፋ ሥራ ይቆማል። መስኮቱ ሥር ሆኜ ሳነብ ልጁ በትከሻዬ በኩል አጎንብሶ አየ። «ወላሂ፣ ይሄ በእስክሪብቶ ነው?»

አዎ፣ ከየሱቁ በምንገዛው ዓይነት። የደራሲዋን ታሪክ ነገርኩት። 40 ዓመት ገደማ ሲሆናት የወባ ትንኝ የምትመስል ቢንቢ ነክሳት በዌስት ናይል ቫይረስ ታመመች። ከወገቧ በታች አልታዘዝ አላት። የምትሥልበት ቀኝ እጇም ከዳት። ብዕሩን በፕላስተር እጇ ላይ እያሰረች እንደገና መሣል ተማረች። ስለ ታብሌት አላነሣሁም። የገባውን ሰው መጨቅጨቅ አልወድም።

አንድ መሥሪያ ቤት ስለ እጅ መታጠብ የሚለጠፍ ሥዕል አዝዞን ነበር። ልጁ በማግስቱ በእስክሪብቶ ጀመረው። የመጀመሪያው ተበላሸ። ጥላ ለማምጣት ሲጫን ቀለሙ ጫፉ ላይ እየተጠራቀመ ወረቀቱን አጨማለቀው። መጽሐፉን ወስዶ አንድ ገጽ ላይ ብዙ ቆየ። ያኔ ምስጢሩ ተገለጠለት። ጥላው የሚመጣው ስስ መስመር በስስ መስመር ላይ ሲደራረብ ነው። ብርሃኑ ደግሞ እጅ ያልነካው ወረቀት ነው። እስክሪብቶ በላጲስ አይጠፋምና ነጩን ቦታ ከመነሻው መጠበቅ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ቁራጭ ወረቀት አጠገቡ አድርጎ ጫፉን እየጠረገ ሠራ። ሥዕሉ ላይ ያለችው እናት ነጠላ እጥፋት ብቻ ግማሽ ቀን ወሰደበት። እንዲህ ያለ ሥራ ከቤታችን ሲወጣ አይቼ አላውቅም።

ስካን ስናደርገው ሌላ ጣጣ መጣ። ማሽኑ ለጽሑፍ የተስተካከለ ስለነበር ስስ መስመሮቹን ዋጣቸው። ወደ ፎቶ ቀይረን በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስናነሣው ሁሉም ተመለሱ።

ያዘዙን ሰዎች በጣም ወደዱት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። ሥዕሉ ለገጠር ቀበሌዎች ስለሆነ ቧንቧው ወጥቶ ጀሪካን ይግባ አሉ። ልጁ ሌላ ወረቀት አወጣ። ጀሪካኑን ለብቻው በእስክሪብቶ ሣለና ኮምፒውተር ላይ በቧንቧው ቦታ ገጠመው። ከሰዓት በፊት ወደ ማተሚያ ገባ።