ክሬዲቴን በገዛ እጄ «ፊሺንግ ነው» ብዬ ከሰስኩት

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። ቀን ሥራ፣ ማታ ኮሌጅ። የሳይበር ደህንነት መግቢያን ኮሌጁ ውስጥ ልማር ብል ኪሴ እምቢ ስላለ፣ በወር ከሚከፈልባቸው የኦንላይን ኮርሶች አንዱን ያዝኩ።

እንዲህ ያለው ኮርስ ወደ ኮሌጅ ክሬዲት የሚለወጠው ብዙ ጊዜ በአሜሪካ የትምህርት ምክር ቤት፣ በአጭሩ በኤሲኢ በኩል ነው። ኤሲኢ ኮርሱን ገምግሞ «3 ክሬዲት ይገባዋል» ብሎ ይመክራል። ልብ በሉ፣ ይመክራል። የሚቀበለውም የሚመልሰውም ኮሌጁ ነው። ስለዚህ ገና ሳይከፍሉ የኮርሱን ኮድና ሲላበስ (የትምህርቱን ዝርዝር) ለሬጅስትራር ልኮ «ለየትኛው መስፈርት ይያዝልኛል?» ብሎ በጽሑፍ መልስ መያዝ ያስፈልጋል። ይህን አድርጌአለሁ። እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነበርኩ።

የመጨረሻው ፈተና በካሜራ ነው። መታወቂያ ታሳያለህ፤ ላፕቶፑን አዙረህ ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ የጠረጴዛውን ሥር ሳይቀር ታስጎበኛለህ። ሰው ድንገት ከገባ ፈተናው ሊሰረዝ ይችላል። ባለቤቴን በር ላይ ዘብ አቆምኳት። ቡናም አልተቆላም፤ የጭስ ደወሉ ከጮኸ ለተቆጣጣሪው ምን ብዬ ላስረዳ? አለፍኩ። በፒዲኤፍ የሚወርደው ሰርተፊኬት ለፌስቡክ እንጂ ለኮሌጅ ስለማይሆን፣ ትራንስክሪፕቱ በቀጥታ ወደ ኮሌጁ እንዲላክ አዘዝኩ።

ጉዴን ያመጣው ስለ ፊሺንግ፣ ማለትም በሐሰተኛ መልእክት ሰውን አታልሎ መረጃ ስለመስረቅ፣ የሚያስተምረው የኮርሱ ምዕራፍ ነው። ምልክቶቹን እንደ ዳዊት ደግሜአቸዋለሁ፦ የሚያጣድፍ ቀነ ገደብ፣ በስም የማይጠራ ሰላምታ፣ ከማይታወቅ አድራሻ የመጣ ሊንክ፣ የመታወቂያ ጥያቄ።

በሳምንቱ ኢሜይል መጣ። «ውድ ተማሪ፣ ሰነድዎ አልተሟላም። በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ይህን ሊንክ ተጭነው የመታወቂያ ቅጂ ካላስገቡ ፋይልዎ ይዘጋል።» የላኪው አድራሻ ደግሞ ከ@ በኋላ የኮሌጄ ስም የለበትም። አራቱም ምልክቶች አንድ ላይ! ኢሜይሉ ላይ «ፊሺንግ» የምትለዋን ቁልፍ ተጫንኩና ለባለቤቴ «ሊበሉኝ ነበር» ብዬ ፎከርኩ።

ሌላ ኢሜይል ሳይመጣ ወር ሞላ። ሬጅስትራር ቢሮ ስሄድ ሴትየዋ ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየች። «ሰር፣ ሦስት ጊዜ ጽፈንልዎታል።» ኮሌጁ ሰነድ የሚሰበስበው በሌላ ድርጅት ሲስተም ነው ለካ። አንዱን ፊሺንግ ብዬ ስለከሰስኩት የቀሩትን ሁለቱን ኢሜይሌ ራሱ ወደ ስፓም ወርውሯቸዋል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ማለት እኔ ነኝ።

መታወቂያውስ ለምን ተፈለገ? በስም። ኮርሱ ላይ ስመዘገብ «ላስት ኔም» ሲለኝ የአባቴን ሞላሁ፤ ኮሌጁ ዘንድ ላስት ኔም የተባለው የአያቴ ነው። አያቴ ከመቃብር ተነሥተው ትራንስክሪፕት ያስቆማሉ ብዬ መች ጠረጠርኩ? ሦስት ስም ይዞ አሜሪካ የገባ ሁሉ ገና አካውንት ሲከፍት ስሙን፣ ቅደም ተከተሉንና ፊደሉን ሳይቀር፣ ኮሌጁ ባለው መልክ ይጻፍ። እኔ የስም ማስተካከያ ቅጽ ሞልቼ፣ ትራንስክሪፕቱን እንደገና ከፍዬ አስልኬ ነው የተገላገልኩት።

ፊሺንግ የሚመስል እውነተኛ ደብዳቤ ሲመጣ ደግሞ ሊንኩን አለመንካት ልክ ነው፤ ስህተቴ እዚያ ላይ ማቆሜ ነው። የኮሌጁን ፖርታል አድራሻ በራስ እጅ ጽፎ መግባትና እዚያ የጎደለ ሰነድ ተመዝግቦ እንደሆነ ማየት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

3ቱ ክሬዲቶች ገቡ፤ በጽሑፍ እንደተነገረኝ በኢሌክቲቭ (በምርጫ ኮርስ) በኩል፣ ጂፒኤን ሳይነኩ።

ትናንት ከዚያው አድራሻ ሌላ ኢሜይል መጣ። ቁጥሩን ከኢሜይሉ ሳይሆን ከተማሪ መታወቂያዬ ጀርባ አይቼ ደወልኩ። ያቺው ሴትዮ አነሣች። «አዎ ሰር፣ የእኛ ነው። የእርካታ መጠይቅ ነው፤ በኢሜይል የምንሰጠውን አገልግሎት እንዴት እንዳገኙት ይጠይቃል።»

አመሰገንኳት። ሊንኩን ግን አልነካሁትም።