አንድ ቃል የጎተተው ዶክትሬት

የዶክትሬት ጥያቄዬን ያገኘሁት ኔዘርላንድስ ከመሄዴ ሦስት ዓመት ቀድሞ ነው፤ ያውም ችሎት ላይ፣ ሳልፈልገው። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ የወረዳ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበርሁ። አንዲት እማሆይ መሬታቸውን ለጧሪያቸው በስጦታ አስተላልፈው ነበር። ጧሪው መሬቱን ከተረከበ በኋላ ፊቱን ስላዞረባቸው፣ ስጦታው ይፍረስልኝ ብለው ከሰሱ። «ርስቴን ሰጥቼው ውሃ እንኳ የሚያቀብለኝ አጣሁ» አሉ። እኔም ገና ከትምህርት ቤት የወጣሁ አዋቂ ነኝና፣ «እማሆይ፣ ርስት በ1967 ዓ.ም. ቀርቷል፤ የርስዎ ይዞታ ነው» አልኋቸው። «ጌታዬ፣ እርስዎ እንዳሻዎ ይጥሩት፤ እኔ የምለው ያባቴን ነው» ብለው መለሱልኝ። ችሎቱ ሳቀ። እኔ ግን ያን ሌሊት ስገላበጥ አደርሁ።

የቃል ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ ርስትን ከሕግ አውጥቶታል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ለገበሬው የቀረው «የይዞታ መብት» ነው። ጎጃም ውስጥ ግን የይዞታ ደብተሩን በእጁ ይዞ «ርስቴ» የማይል ሽማግሌ ካለ አሳዩኝ። ደብተሩ ራሱ ከኛው ደጅ የወጣ ነው፤ በአማራ ክልል ምዝገባው በሙከራ ከተጀመረባቸው ቀበሌዎች አንዷ የጎዛምን ወረዳዋ አዲስና ጉሊት ነበረች።

ለውጭ ትምህርት ስነሳ ይህን ሁሉ ረስቼ፣ የመጀመሪያውን የጥናት ንድፌን «የመሬት ሕግ በኢትዮጵያ፦ ችግሮችና መፍትሔዎች» ብዬ ጻፍሁ። አሁን ሳየው ያሳፍረኛል። አንዱን ደብዳቤ ለ26 ፕሮፌሰሮች በተንሁት። ሦስት መለሱልኝ፤ ሁለቱ መልካም ዕድል ተመኙልኝ። ሦስተኛዋ ዳኛ እንደነበርሁ ከማመልከቻዬ አይተው ኖሮ፣ ከችሎት ያልወጣልህ ጉዳይ ካለ እሱን ጻፍልኝ አሉኝ። እማሆይን በሁለት ገጽ ጻፍሁላቸው። አማካሪዬ የሆኑት እሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ ምክር ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምለው ይህንን ነው፦ ደብዳቤ ከመላክህ በፊት የሰውየውን ሁለት ጽሑፍ አንብብ፤ ንድፍህም ስለ ኢትዮጵያ ሳይሆን ስለ አንድ ሰው መዝገብ ይሁን፤ ኢትዮጵያ በራሷ ጊዜ ትገባለች።

ገንዘቡን በአጭሩ ልለፈው። አሜሪካ ለሕግ ዶክትሬት አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ኤልኤልኤም (የሕግ ማስተርስ) ይጠይቃሉ። እንግሊዝ ለውጭ ተማሪ ክፍያው አይቀመስም፤ ስኮላርሺፕ ካልያዝህ አትሞክረው። ጀርመን አማካሪ ፕሮፌሰሩን መጀመሪያ ራስህ ታገኛለህ፤ ከዚያ ለጀርመኑ የስኮላርሺፕ ድርጅት ለዳአድና ለመሰሎቹ ታመለክታለህ። ኔዘርላንድስ ግን ዶክትሬት ብዙ ጊዜ ሥራ ነው፦ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ትወዳደራለህ፣ በተለምዶ የአራት ዓመት ኮንትራት ትፈርማለህ፣ ደመወዝህ ግብር ይቆረጥበታል። የመኖሪያ ፈቃዱንም የሚጠይቅልህ ቀጣሪው ዩኒቨርሲቲ ነው። ለኔ የቀረልኝ የዲግሪና የልደት ማስረጃዬን ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እስከ ኤምባሲው ማኅተም ማስመታት ነበር። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ የዓባይን በረሃ ለማኅተም ብቻ አራት ጊዜ ወርጄ ወጥቻለሁ። ሁሉንም ሰነድ ሰብስባችሁ አንድ ጊዜ ውጡ።

በመስከረም 2013 ዓ.ም. ኔዘርላንድስ ገባሁ። የቢሮዬ በር ላይ የተለጠፈው ያባቴ ስም ነበር፤ የቤተሰብ ስም አድርገውታል። ለአባቴ በስልክ ብነግረው «እንግዲህ እኔም ዶክተር ልሆን ነው» አለ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ፤ ይህን የምጽፈውም ለሱ ስል ነው።

አማካሪዬ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሲያነቡ «ይዞታ» የሚለውን በፍትሐ ብሔር ሕጉ ትርጉም ወሰዱት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አንቀጽ 1140ን የጠቀስሁት እኔው ነኝ። በ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ይዞታ ማለት አንድ ሰው አንድን ነገር በእጁ አድርጎ በእውነት ሲያዝበት ነው። የባለቤትነትን መብት አያይም፤ የሰረቀም ሰው ይዞታ ሊኖረው ይችላል። በገጠር መሬት ሕጉ ግን ይዞታ ራሱ መብት ነው፤ ይከራያል፣ ይወረሳል፣ በስጦታ ይተላለፋል። በአማርኛ አንድ ቃል፣ በእንግሊዝኛው ቅጂ ሁለት የተለያዩ ቃላት። ሕጉን በፈረንሳይኛ ያረቀቁት ሬኔ ዳቪድ ይህ ቃል ከዓመታት በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ከየት ያውቃሉ?

አማካሪዬ «እንግዲያው ከሮማውያን ሕግ ጋር አወዳድረው» አሉኝ። መንገዱ እንደማያደርስ ያኔውኑ አውቄዋለሁ። ግን ፕሮፌሰር ናቸው፤ ሽበት አላቸው፤ በስማቸው ጥራኝ እያሉኝ እንኳ አንደበቴ እምቢ ብሎ በ«ፕሮፌሰር» የቀጠልሁ ሰው ነኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። «እሺ» ብዬ ወጣሁ። ስምንት ወር ሙሉ ስለ ሮማውያን ይዞታ 40 ገጽ ጻፍሁ። በየስብሰባው ራሴን ስነቀንቅ እሳቸው መስማማት መስሏቸዋል። እኛ አገር ራስ መነቅነቅ «እየሰማሁ ነው» ማለት እንደሆነ ማን ይንገራቸው? በዓመቱ መጨረሻ ግምገማ ላይ ሌላ መምህር ጽሑፉን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ «እማሆይዋ የት ሄዱ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ማታ ለአባቴ ደወልሁ። አባቴ በልጅነቱ ደብረ ኤልያስ ቅኔ ተምሯል፤ ሳይጨርስ ወደ እርሻው ተመለሰ እንጂ። ነገሩን ስነግረው ሳቀብኝ። «እኛ ሌሊቱን ቅኔ ቆጥረን፣ የቆጠርነውን ለየኔታ ልናሰማ ነገራ ስንገባ፣ እዚህ ላይ ሰሙ ከወርቁ አልገጠመም ይሉናል። ወርቁ ይህ ነው ብለን እናስረዳለን። ከገባቸው ያሳልፉናል፣ ካልሆነ ይቆርጡታል። ዝም ያለ ተማሪማ ቅኔውን ከሰው ለምኖ ነው የመጣ ይባላል። አንተ እኮ የለመንኸውን ነው የምትነግራቸው» አለኝ። እኔ ደግሞ ይሉኝታን ከጎጃም ይዤው የሄድሁ ጨዋነት አድርጌ ስኮራበት ነበር። ለካ እዚያው ጎጃም፣ የቅኔ ጎጆ ውስጥ፣ ከመምህር ጋር የሚከራከሩበት ሥርዓት ኖሯል።

በማግሥቱ ሦስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ይዤ ገባሁ፦ ፍትሐ ብሔሩ «ይዞታ» ሲል፣ የመሬት አዋጁ «ይዞታ» ሲል፣ እማሆይ «ርስት» ሲሉ። አማካሪዬ ረጅም ጊዜ አዩት። ያሉኝ አንድ ነገር ነው፤ ለምን እስካሁን ዝም አልህ። ያ ሠንጠረዥ ምዕራፍ ሁለት ሆነ። 40ው ገጽ አንድ የግርጌ ማስታወሻ ሆኖ ቀረ።

ለመስክ ሥራ በ2014 ዓ.ም. ከጥር እስከ ሚያዝያ ጎጃም ነበርሁ። የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴ እያንዳንዱ ተጠያቂ የፈቃድ ቅጽ ይፈርም ብሎ ነበር። የመጀመሪያው ሽማግሌ ቅጹን አይተው «ልጄ፣ እኔ እኮ መሬቴን ያጣሁት ፈርሜ ነው» አሉኝና ቡናቸውን ጨርሰው ተነሡ። ልክ ናቸው። በ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ «ቢሮክራሲ»፣ ማለትም የደርግ ጊዜ ሹም፣ ተብለው ከተፈረጁት አንዱ ነበሩ፤ ወረቀት ማለት ለሳቸው ያ ነው። ኮሚቴውን ጠይቄ በቃል ፈቃድ ቀየርሁት። ሁለት ሳምንት ፈጀ። የሕግ ሰው ሆናችሁ ገጠር የምታጠኑ ሁሉ ይህን ከመሄዳችሁ በፊት አስፈቅዱ።

ሁለተኛው ዙር ለ2016 ታቅዶ ነበር። በ2015 ክረምት ግጭቱ ሲነሣ መንገዱም ኢንተርኔቱም ተዘጋና ቀረ። ያዳነኝ በመጀመሪያው ዙር በስልኬ ፎቶ ያነሣኋቸው መዝገቦች ናቸው፤ ያኔ «ለሚቀጥለው ይቆየኝ» ብል ኖሮ ጥናቱም አይኖርም። የቀረውን ክፍተት፣ በመጨረሻ ፍርዶች ላይ ያለ የሕግ ስሕተትን በሚያርመው በፌዴራል ሰበር ችሎት ውሳኔዎች ሞላሁት። በአዋጅ ቁጥር 454/1997 መሠረት ከአምስት የማያንሱ ዳኞች የሰጡት የሰበር ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድድ ስለነበር የውሳኔዎቹ ጥራዞች ታትመው ወጥተዋል፤ ሆላንድ ተቀምጦም ይነበባሉ።

ስለ ኑሮው ብዙ አልልም፤ ዝናብና ብስክሌት ነው። የጤፍ ዱቄት አይጠፋም። የምሳ ሰዓት ላይ አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ በአገሩ በጤፍ ዱቄት ላይ የተሰጠ የፈጠራ መብት እንደነበረና የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. ዋጋ ቢስ እንዳለው ሲነግረኝ እንጀራው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ ይህን ብታወራ ማን ያምንሃል?

ጥናቴን በመርማሪዎች ፊት የተከላከልሁት ጥር 2017 ነበር። እዚያ አገር ተመራቂው ሁለት አጃቢ ይዞ ይቆማል፤ የማዕረጉ ስም ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ሚዜ ነው። አንዱ ሚዜዬ ሆላንዳዊ፣ አንዷ የሞጣ ልጅ ነበረች። መርማሪዎቹ 45 ደቂቃ ይጠይቁሃል፤ ሰዓቱ ሲሞላ በትር የያዘች ሴት ትገባና «ሆራ ኤስት» ትላለች፤ በላቲን ሰዓቱ ደርሷል ማለት ነው። ዓረፍተ ነገርህ መሐል ላይ ቢሆንም ያበቃል። የኔ እማሆይ ጋ ደርሶ ነበር።

ከጥናቴ መጽሐፍ ለቀድሞ ፍርድ ቤቴ አንድ ቅጂ ሰጠሁ። የተካኝ ዳኛ አመስግኖ «ግን ጌታው፣ በእንግሊዝኛ ነውና ውሳኔ ላይ እንዴት አድርጌ ልጥቀሰው?» አለኝ። አሁን ማታ ማታ ወደ አማርኛ እየመለስሁት ነው። ርስትና ይዞታ እንዴት እንደሚለያዩ ለማስረዳት በእንግሊዝኛ 11 ገጽ የፈጀብኝ ክፍል፣ በአማርኛ ስጽፈው አንድ ገጽ ተኩል ሆነ።