ጽዋው እስኪዞር ድረስ ደህና ነበርኩ

አረቄ ከተውኩ አራት ዓመት አለፈኝ። ከዚያ በፊት ግን ሰባት ወር ቆይቼ አንዴ ወድቄያለሁ። የወደቅኩት ደግሞ ግሮሰሪ ውስጥ አይደለም፤ ማኅበር ላይ ነው። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው ይህን የምጽፈው።

አንድ ነገር ላስቀድም። እንደኔ ጠዋት ካልቀመሰ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው በአንዴ አቁሞ ቀጥታ ጠበል አይግባ። ሐኪም ይየው። መጠጥ በድንገት ሲቆም በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ሰው ሊያንዘፈዝፍ፣ ሊጥልም ይችላል፤ አጠገብህ ያለው ደግሞ «ያዘው» ብሎ መስቀል ይፈልጋል እንጂ አምቡላንስ አይጠራም። እኔ ሐኪሙን አስቀድሜ ከዚያ ሁለት ሱባኤ ጠበል ተጠመቅኩ። እምነት ማነስ ነው ያሉኝ አሉ። ይበሉ።

የየቀኑ ነገር ብዙ ወሬ የለውም። ጠዋት ከሻይ በፊት የዕለቱን ውዳሴ ማርያም፣ ማታ ከዳዊት አንድ ሁለት መዝሙር፣ ስግደት ጉልበቴ እንደቻለ። ክፉዋ ሰዓት 11 ነች። ከታክሲ ወርጄ ቤቴ እስክደርስ ስድስት ግሮሰሪ አለ። መቁጠሪያዬን ኪሴ ውስጥ እያንከባለልኩ 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እላለሁ፤ አንዳንድ ቀን ሦስተኛው ግሮሰሪ ጋ ሳልደርስ ያልቅና እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ። ጾም ብቻውን ያስቆመኛል የምትሉ ካላችሁ እርሱት፤ «ቢራ የጾም ነው» እያልን የሁዳዴን 55 ቀን የጠጣን ሰዎች ነን። ቁርባኑንም ፈርቼ ነበር። የንስሐ አባቴ ቤተልሔም ውስጥ፣ መሥዋዕቱ በሚዘጋጅበት ቤት፣ ከዘቢብ የሚጨመቅ እንጂ የቦካ ወይን አይደለም ሲሉኝ ነው ልቤ የተመለሰው።

ወደ ማኅበሩ ልምጣ። ወር በገባ በ12 የሚካኤል ጽዋ አለን፣ ከአባቴ የወረስኩት። ስድስት ወር ሰበብ እየፈለግኩ ቀረሁ። በሰባተኛው የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴያችን፣ ደወሉ፦ «ያባትህን ጽዋ ልትጥል ነው?» ሄድኩ። ጸሎት ተደረገ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተባርኮ መዞር ጀመረ። እኔ ጋ ሲደርስ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «ጋሼ፣ መድኃኒት ጀምሬያለሁ» አልኩ።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ መጠጥ አይደለም፣ የሚካኤል ጠበል ነው። ጽዋ አይመለስም።»

ጠላውን ጠበል ካሉት በኋላ ምን ይባላል? ሰው ሁሉ እያየኝ ነው። ቄሱም ዳቦአቸውን ይቆርሳሉ እንጂ ቃል አልተነፈሱም። ጠጣሁ። ከዚያ ሳይሉኝ ደገምኩ። ሲመሽ ከስድስቱ ግሮሰሪዎች መጀመሪያ ያገኘሁት ውስጥ ነበርኩ፤ ከዚያ የወጣሁት ከ11 ቀን በኋላ ነው ብል ይቀላል።

በሙሴው ለረጅም ጊዜ ተናድጄባቸዋለሁ። አሁንም ሙሉ በሙሉ አልበረደልኝም። ግን እውነቱን ላውራ፤ የዕለቱ ባለተራ ሴትዮ ጠላ እንዴት እንደሚጥም ከድሮ አውቃለሁ። ጠዋት ጋቢዬን ሳወጣ ተራው የማን እንደሆነ አስታውሼ ነበር። ቁርስም ሳልበላ ነው የሄድኩት። መድኃኒት ምናምን ያልኩት እንዲለምኑኝ ይሆን እንዴ እያልኩ ዛሬም ራሴን እጠይቃለሁ።

የንስሐ አባቴ ቀኖና ሰጥተውኝ «ማኅበሩን አትተው፣ ውኃ ጠጣ» አሉኝ። በዚህኛው አልሰማኋቸውም። አንድ ዓመት ሙሉ አልረገጥኩም፤ መዋጮዬን ብቻ በልጄ እልክ ነበር። አዲስ ያቆማችሁ ሰዎች እንደዚሁ አድርጉ፣ ቅዱስ ሚካኤል አይቀየማችሁም። ስትመለሱም ሰበብ አትደርድሩ። «ሰካራም ነበርኩ፣ አልጠጣም» በሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚለምን ሰው አላጋጠመኝም።

ዓምና ኅዳር ላይ ተራው የኔ ሆነ። ባለቤቴ ብርዝ በጠበጠች፣ ጠላ ቤታችን አልገባም። ቄሱ ባረኩት፣ ዞረ። አንዳንዱ ፊቱን አጨማደደ። ጽዋ አይመለስም ያሉኝ ሙሴ ግማሹን ትተውት ሄዱ።